ጥዱ ባሕር ተሻግሮ ኮሶው ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ «የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ አሁን በሳዑዲ ዓረቢያ በአብሃ ከተማ በቤት ሠራተኝነት እኖራለሁ። አሠሪዎቼ በዕረፍት ቀን ወደ ሱዳ ተራራ ሲወጡ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ተራራው ጥድ ለብሷል። ቅጠሉን በእጄ አሽቼ ባሸተትኩት ጊዜ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ወይራም ክትክታም አይቻለሁ። ኮሶና ዝግባ ግን ፈልጌ አጣሁ። ጥዱን ሰው ከአገራችን አምጥቶ የተከለው ነው? ካልሆነ ዛፍ እንዴት ባሕር ይሻገራል? ጥዱ ከተሻገረስ ኮሶው ለምን ቀረ? ከዚህ ፍሬ ይዤ ብሄድ ደባርቅ ላይ ይበቅልልኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አፍንጫዎ አልዋሸዎትም። ያሸተቱት የሐበሻ ጥድ ነው፤ የሚመስለው ሳይሆን ራሱ። በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የሚባለው ይህ ዛፍ አብሃ ካለችበት ከዓሲር አውራጃና ከየመን ተራሮች ይጀምርና በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ደጋዎች ላይ እየዘለለ እስከ ዚምባብዌ ይደርሳል። በሱዳ ተራራ ላይ ያለውን ደን ሰው አልተከለውም። ከከተማውም ከመንገዱም ቀድሞ እዚያ ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለጉ በሚቀጥለው ሲወጡ ፍሬውን ይዩ። በአገራችን ብዙ ሰው የሐበሻ ጥድንና የፈረንጅ ጥድን ያምታታል። በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው አጥር ዙሪያ ተደርድሮ የሚታየው አብዛኛው ዘሩ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የሆነው የፈረንጁ ነው። የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ዘሩን ያረግፋል። የሐበሻው ግን ከሽንብራ የማይበልጥ፣ ሥጋ ያለው ፍሬ ነው። ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ይሆንና አመድ የተነፋበት ይመስል ላዩ ነጣ ይላል። በጣትዎ ሲጨምቁት ይፈርጣል፣ ያጣብቃል፤ ውስጡ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ዘሮች ያገኛሉ። ፍሬ የሌለው ዛፍ ካጋጠመዎ አይገረሙ፤ ጥድ ወንድና ሴት አለው፣ የሚያፈራው ሴቴው ነው። ይህን ትንሽ ፍሬ ልብ ይበሉት፤ የጥያቄዎ ግማሽ መልስ እሱ ውስጥ ነው።

አንድ ዛፍ ከበቀለበት አይነቃነቅም። ደን ግን ይጓዛል። አየሩ ሲሞቅ በላይኛው ጠረፍ ላይ የወደቀው ዘር ይጸድቃል፣ በታችኛው ጠረፍ ላይ የወደቀው ደግሞ ገና በቡቃያው ይደርቃል። እናት ዛፎቹ ባሉበት አርጅተው ይሞታሉ፤ ልጆቻቸው ግን ትንሽ ከፍ ብለው በቅለዋል። ይህ ለብዙ መቶ ትውልድ ሲደጋገም ደኑ ሁሉ ተራራውን ወጥቷል ማለት ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወርዳል።

ይህን የአየር ንብረትና የዛፍ ዝምድና እርስዎ ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ከዛሪማ ተነስቶ በሊማሊሞ ወደ ደባርቅ የሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ሁሉን ነገር ያያል። ታች ቆላው ላይ ግራርና ቁርቁራ ነው። ዳገቱ ሲጀምር ወይራ፣ ከዚያ ጥድ ይመጣል። ደባርቅ ደርሶ ወደ ስሜን ተራሮች ለቀጠለ ደግሞ ኮሶ፣ አሜጃ፣ ከዚያ አስታ፣ በመጨረሻም ዛፍ ቀርቶ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይሆናል። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ከዛሪማ እስከ ደባርቅ ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሆነ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ገበሬዎቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው አገሩን የከፈሉት በዚህ ነው። አከፋፈሉ በጣም ትክክል ስለሆነ እኛ የደን ባለሙያዎች ዛሬም እንሠራበታለን።

አሁን እነዚህን ቀበቶዎች ባሉበት የተሰፉ አድርገው አይዩአቸው። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን በበረታበት ጊዜ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዙ ነበር። የዛፍ ቀበቶዎቹ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነበር። በባሌ የሳነቲ አምባ በዚያ የበረዶ ዘመን ውስጥ ግግር በረዶ ተቀምጦበታል፤ በስሜንም ከፍተኛ ጫፎች ሥር የበረዶ ግግር የጠረበው ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታያል። ዛሬ አስታ የቆመበት ከፍታ በዚያ ዘመን ባዶ ሜዳ ነበር።

ቅዝቃዜው ብቻውን ቢሆን ዛፉ ወደ ታች ወርዶ ይገላገል ነበር። ግን ዘመኑ ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ደረቅም ነበር። ድርቁ ምን ያህል እንደ ነበር ለመናገር አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፦ ጣና ደርቋል። ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ከ17 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የጣና ውኃ ከማነሱ የተነሳ መሐሉ የቄጠማ ረግረግ ሆኖ ነበር፣ ከጣና የሚወጣው ዓባይም ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ደኑ ከላይ ብርዱ፣ ከታች ድርቁ ይገፋው ነበር። መሐል ላይ በቀረችው ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ሁለቱንም የሚችል ዛፍ ብቻ ተመቸው። ያ ዛፍ ጥድ ነው።

ቅርንጫፉን ቀንጠብ አድርገው ቢያዩት ምክንያቱን ያገኙታል። የጥድ ችግኝ ቅጠል እንደ መርፌ ይወጋል፤ የጎልማሳው ግን ቅጠል አይመስልም፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት እርስ በርሱ ተደራርቦ ቀንበጡ ላይ ተለጥፏል። ፀሐይ የሚመታው፣ ነፋስ የሚያደርቀው ገጽታው በጣም ትንሽ ነው። ውኃውን ቆጥቦ ይይዛል። ያሸተቱት ዘይትም ዛፉን ከነፍሳትና ከሻጋታ ይከላከልለታል። በዓሲር ደጋ በዓመት የሚዘንበው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለእኛ ደገኞች ይህ ድርቅ ነው። ጥዱ ግን በዚህ ላይ ከቀይ ባሕር ሽቅብ የሚመጣውን ጉም እየጨመረ ይኖርበታል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲወጣ ካዩ ከጥዱ ሥር ያለውን መሬት ይንኩት።

ወደ ባሕሩ እንምጣ። የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር በሆነው ባብ ኤል መንደብ ላይ ባሕሩ ዛሬም ቢሆን ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበረዶ ዘመን የዓለም ውኃ በዋልታዎቹ ላይ በበረዶ መልክ ተይዞ ስለ ነበር የባሕር ወለል በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፤ ወሽመጡ ጠቦ ጠቦ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ቀርቶ ነበር። የሐበሻ ጥድን ፍሬ ወፍ ይበላዋል። ሥጋው ይፈጫል፣ ዘሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ከኩስ ጋር ሌላ ቦታ ይወድቃል። ለወፍ 30 ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም።

እውነተኛው እንቅፋት ውኃው አልነበረም። ጥድ ደገኛ ነው፤ በዚያኛው ወገን ያለው የቲሃማ ሜዳና በዚህኛው ወገን ያለው የአፋር በረሃ ለሱ ከባሕር የባሰ ነው። ወፉ ዘሩን እዚያ ቢጥለው አይበቅልም። የበረዶው ዘመን የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። የዛፍ ቀበቶው አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሁለቱም ተራሮች ጥድ ወደ ባሕሩ ተጠጋ፤ ዛሬ ባዶ የሆኑ ዝቅተኛ ኮረብታዎች ያኔ መረፊያ ሊሆኑት ይችሉ ነበር። የበረዶ ዘመን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አልመጣም። ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ደጋግሞ መጥቶ ደጋግሞ ሄዷል። በሩ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል።

እዚህ ላይ ጥያቄዎን አዙሬ ልመልስልዎ። እርስዎ ጥዱ ከኛ ወደ ዓረብ አገር ተሻግሮ እንደሆነ ነው የጠየቁት። ዘመዶቹን ስናይ ግን ጉዞው በተቃራኒው ይመስላል። በዓለም ላይ ወደ 70 የሚጠጉ የጥድ ወገኖች አሉ፤ ሁሉም የሰሜን ንፍቀ ክበብ ነዋሪዎች ናቸው፣ የምድር ወገብን አቋርጦ ወደ ደቡብ ያለፈው የኛው ብቻ ነው። የቅርብ ዘመዱ ከግሪክና ከቱርክ ጀምሮ ባሉ ተራሮች ላይ ይገኛል። ስለዚህ አባቶቹ ከሰሜን በዓረቢያ ተራሮች በኩል ወርደው፣ ወደ ሐበሻ ተሻግረው፣ ከዚያ ወደ ኬንያና ወደ ደቡብ ወረዱ የሚለው ለእኔ የተሻለ ያስኬዳል። በኋላ የዓረቢያ በረሃ ሲስፋፋ ከሰሜኖቹ ዘመዶቹ ተቆረጠና ለብቻው ሌላ ዝርያ ሆነ። አዲስ ዝርያ የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ የአየር ንብረት አንዱን ሕዝብ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሁለቱ ለየብቻቸው በየአገራቸው ድርቅና ውርጭ እየተፈተኑ ይኖራሉ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ቢገናኙ አይተዋወቁም። እርስዎ የቆሙት እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ጥድ ወደ አገራችን በመጣበት መንገድ ላይ ነው።

ዝግባ ደግሞ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የዝግባ ቤተሰብ የደቡብ ቤተሰብ ነው፤ ዘመዶቹ በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድ አሉ፤ የኛው ዝግባ ራሱ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። ሁለቱ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ተገናኙ። በመናገሻ ሱባ ወይም በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ጥድና ዝግባ ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩ ከሰሜን የመጣና ከደቡብ የመጣ እንግዳ በአንድ ግቢ ውስጥ እንደ ሰፈሩ ይቁጠሩት። የመናገሻው ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት እንደሆነ ይነገራል። ሰው ዘር ይዞ መሄዱ ያኔም ነበር ማለት ነው፤ ነገር ግን ሰው የተከለው ዛፍ የሚኖረው አየሩ ከፈቀደለት ብቻ ነው።

ኮሶ የቀረበትን ምክንያት አሁን መናገር ይቻላል። ኮሶ በዓለም ላይ ከወገኑ ብቸኛው ነው፤ ወንድምም እህትም የለውም። የቅርብ ዘመዱ በደቡብ አፍሪካ ተራሮች ላይ የሚበቅል ሌላ ዛፍ ነው። እንደ ዝግባ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ዘር ነው ማለት ነው። ዘሩ ትንሽና ቀላል ሆኖ ነፋስ ይወስደዋል፤ ስለዚህ መጓዝ አያቅተውም። የሚያቅተው ደርሶ መጽደቅ ነው። ኮሶ ደጋ ይፈልጋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዝናብ ይፈልጋል፤ ተመችቶት የሚኖረው በዓመት ከአንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ወዲያ በሚዘንብበት አገር ነው።

እኔ ለራሴ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ማብራሪያ ይህ ነው። የበረዶው ዘመን በመጣ ጊዜ የሁለቱ ተራሮች ደጋ ይቀራረባል፤ ግን ደረቅ ነው፣ ኮሶ ዝናብ ያጣል። የበረዶው ዘመን ሲያልፍ ደግሞ፣ ከ11 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት በፊት እንደ ነበረው፣ ክረምቱ ይበረታል፣ ሰሃራ ሣር ይለብሳል፣ በዓረቢያ በረሃ መሐል ሳይቀር ሐይቆች ይሞላሉ፤ ግን አየሩ ሞቃት ነው፣ ደጋው ሽቅብ ሸሽቷል፣ በመሐል ያለው የቆላ ሜዳ ሰፍቷል። ለኮሶ ብርዱና ዝናቡ አንድ ላይ የተገኙበት፣ መንገዱም አጭር የሆነበት ጊዜ አልመጣለትም። ለጥድ ግን ብርዱ ብቻ በቃው። አንድ ዛፍ የት እንደሚገኝ የሚወስነው ዛሬ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ የነበረው የጥንቱ ዝናብም ነው።

እንዲህ ስል መንገዱ ለዝናብ ወዳዶች ሁሉ ዝግ ነበር ማለቴ እንዳይመስልዎ። አስታ በየመን አለ። ያንተ ያንቺ ሳይባል ስሜን ላይ ለማገዶ የሚቆረጠው ያ አስታ በስፔን፣ በኢጣሊያና በካናሪ ደሴቶችም ይበቅላል፤ አውሮፓውያን የሥሩን ጉጥ ጠርበው የትምባሆ ፒፓ ይሠሩበታል። የአስታ ወገን በጠቅላላ 800 ያህል ዝርያ ሲኖረው ከስድስት መቶ የሚበልጡት በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ ብቻ የተጨናነቁ ናቸው፤ ጥንታዊ ቅርንጫፎቹ ግን በአውሮፓ ናቸው። የኛን አስታ ዘረመል የመረመሩ ጥናቶች ደግሞ ዝርያው ከምሥራቅ አፍሪካ ተነስቶ በበረዶ ዘመናት መሐል ወደ ሰሜን ምዕራብ እንደ ተስፋፋ ያመለክታሉ። አባቶቹ ከአውሮፓ መጡ፣ ልጁ ተመልሶ ሄደ። እንዴት ሰሃራን አለፈ ለሚል ሰው ካርታው ላይ ቻድን ማየት ነው። በሰሃራ መሐል በሚገኙት የቲቤስቲ ተራሮች፣ ከፍታቸው ከ3,400 ሜትር በሚያልፈው ጫፎች አካባቢ፣ አስታ ዛሬም አለ። አረንጓዴው ሰሃራ ሲደርቅ ተራራው ላይ ተሰቅሎ የቀረ ነው። የአስታ ዘር ከጤፍ የደቀቀ አቧራ ነው፤ ነፋስ ያነሳዋል፣ ወፍ እንኳን አያስፈልገውም።

አስታን ቀርበው አይተውት ያውቃሉ? ቅጠሉ ከስንዴ ፍሬ አይረዝምም። በማጉያ መነጽር ገልብጠው ቢያዩት ጠርዙ ከሁለቱም በኩል ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊገናኝ ምንም አይቀረውም፤ በመሐል ነጭ መስመር የመሰለች ጠባብ ቦይ ብቻ ትታያለች። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች እዚያች ቦይ ውስጥ ተደብቀዋል። ስሜን ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጩ መሬቱን ያነጣዋል፤ ያም በየቀኑ ነው። ጠዋት ላይ ፀሐይ ቅጠሉን ስትመታው ሥሩ ያለበት አፈር ገና በብርድ ደርቋል፣ ውኃ መሳብ አይችልም። ያቺ የተደበቀች ቦይ በዚያች ሰዓት ዛፉን ከመጠውለግ ታድነዋለች።

ከአስታ በላይ ዛፍ የሚቀርበትም ምክንያት ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ቅጠሉ በብርድም ምግብ ማዘጋጀት አያቅተውም። የሚያቅተው ምግቡን እንጨት ማድረግ ነው። በዓለም ተራሮች ሁሉ ላይ ዛፍ የሚያልቀው ዛፉ በሚያድግበት ወቅት አማካይ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ በሚወርድበት ከፍታ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ ካነሰ አዲስ የእንጨት ሕዋስ አይሠራም። አልፕስም ሆነ ስሜን ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። ጅብራ ይህን ወሰን ያለፈው እንጨቱን ትቶ በሌላ ዘዴ ነው፤ ማታ ማታ ቅጠሉን ሰብስቦ ለጋውን ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጉዞ በምን አወቅን የሚል ጥያቄ ይኖርዎ ይሆናል። ዋናው ምስክር የሐይቅ ጭቃ ነው። በየዓመቱ የዛፍ ብናኝ፣ ማለትም የወንዴው ዘር ዱቄት፣ ሐይቅ ላይ ይወርዳል፣ ይሰጥማል፣ በደለል ይሸፈናል፣ ለሺህ ዓመታት አይበሰብስም። ጭቃውን እንደ ዘንግ መዞ ከታች ወደ ላይ መቁጠር ነው። የዝግባን ብናኝ በማይክሮስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ በግራና በቀኙ ሁለት የተነፋ ስልቻ ተሸክሟል፣ በነፋስ የሚንሳፈፈው በሱ ነው። የጥድ ብናኝ አጠገቡ ምስኪን ትመስላለች፦ ክብ፣ ልሙጥ፣ አንዳንዴም የተሰነጠቀች። የጠፋ ደን እንዲህ ዓይን ላይ ሲመጣ ያስደነግጣል።

በባሌ ተራሮች 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ ጋርባ ጉራቻ የምትባል ሐይቅ አለች። ስሟ በኦሮምኛ ጥቁር ባሕር ማለት ነው። ከሷ የወጣው ጭቃ ከ16 ሺህ ዓመት በላይ ይናገራል። በመጀመሪያ ሣር ብቻ ነው። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ፣ የአስታ ብናኝ በድንገት ይበዛል፤ አስታው ተራራውን ወጣ ማለት ነው። ከ6 ሺህ ዓመት ወዲህ ደግሞ ዝናቡ እየቀነሰ ሲሄድ የጥድና የዝግባ ብናኝ ይበረክታል። ታች ያለው ደረቅ ደን ተስፋፋ ማለት ነው። በወሎ ሐይቅ ደግሞ ጭቃው ሌላ ነገር ያሳያል፤ ከ2,500 ዓመት በፊት ገደማ የዝግባና የጥድ ብናኝ ወድቆ ክትክታና ሣር ይነግሣል። ይህን የሠራው አየሩ ሳይሆን መጥረቢያና ማረሻ ነው። በጣም የሚገርመኝ ቀጣዩ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ተመልሰው ደን ሆነዋል። ዝግባ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ከዚያ ወደ ኋላ በጣም ርቀን ብንሄድ ከደባርቅ ብዙም በማይርቀው በጭልጋ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ድንጋይ ውስጥ የዘንባባና ዛሬ ዘመዶቻቸው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ብቻ የሚገኙ ዛፎች ቅጠል ታትሞ ይገኛል። ጎንደር በዚያ ዘመን እርጥብ ቆላ ነበር። መሬቱ ከፍ ሲል፣ አየሩ ሲደርቅ እነዚያ ጠፉ፤ ደጋው ለአዲስ መጤዎች ተለቀቀ። እዚሁ ተለይተው የቀሩም አሉ፤ ብርብራና ኮርች ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የሚበቅሉበት አገር የለም።

የዛሬውን ሙቀት አስመልክቶ ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ እርስዎ በቆሙበት ቦታ ዓይን ላይ ስለሆነ። ከሱዳ ተራራ ወደ ታች ሲወርዱ በጥዱ የታችኛው ጠረፍ ላይ ከጫፍ የደረቁ፣ ቅርንጫፋቸው የነጣ ዛፎች ያገኛሉ። ይህ መድረቅ በዓሲር ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የተጠና ነው። በትግራይና በአፋር መካከል ባለው ገደል አፋፍ ላይ ያለው የደስአ ደንም እንዲሁ ጥዱና ወይራው ደርቋል፤ መድረቁም ዝቅ ባለው ከፍታ ላይ ይበልጣል። ሁለቱ ደኖች ቀይ ባሕርን መሐል አድርገው አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ቀበቶው እንደገና ሽቅብ መሄድ ጀምሯል። አንድ ዲግሪ ሙቀት ሲጨመር የዛፉ ተስማሚ ቦታ 160 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል። ድሮ ይህን ያህል ለመሄድ ብዙ ሺህ ዓመታት ይሰጡት ነበር፤ አሁን በአንድ ጥድ ዕድሜ ውስጥ ሊሆን ነው። በዚያ ላይ ድሮ ከላይ ባዶ መሬት ይጠብቀው ነበር፤ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ወደ ላይ ቢል የገብስ ማሳ ነው። ከማሳው የተረፈው ቡቃያ ደግሞ በከብት ይረገጣል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ከካህናቱና ከገበሬው ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የደከሙት ለዚህ ነው፤ ካቡ በገባበት ቦታ ከእናት ዛፎቹ ሥር ችግኝ መታየት ይጀምራል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ ፍሬውን ወደ ደባርቅ ይውሰዱ? እባክዎ አይውሰዱ። አንደኛ፣ ያለ ዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ዘር ከአገር አገር ማሻገር ያስጠይቃል፤ ተባይና በሽታ ይዞ ሊገባም ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ዝርያው አንድ ይሁን እንጂ የዓሲሩ ጥድ ለረጅም ዘመን የኖረው በትንሽ ዝናብና በጉም፣ አብዛኛው ዝናብ በጸደይ በሚወርድበት አገር ነው። የደባርቁ የለመደው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዶፍና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የጥቅምት ውርጭ ነው። ደባርቅ ላይ ሊጸድቅ የሚችለው የደባርቁ ዘር ነው።

ወደ አገር የገቡ ጊዜ እዚያው ልጅ ሆነው ካሸተቱት ዛፍ ሥር ይሂዱ። የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ አስፈቅደው ጥቁር ሰማያዊ የሆነውን ፍሬ ከተለያዩ ሴቴ ዛፎች ይልቀሙ፤ ከአንድ ዛፍ ብቻ አይሁን፣ ልጆቹ ሁሉ የአንድ እናት እንዳይሆኑ። አረንጓዴውን ይተዉት፣ አልበሰለም። ሥጋውን በአሸዋ አሽተው በውኃ ያጥቡት። የጥድ ዘር ብዙው ባዶ ቅርፊት ነው፣ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ዘሩን በባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምረው ትንሽ ይጠብቁ። የተንሳፈፈውን ያፍሱ፣ የሰመጠውን ይዝሩ።